ፎቶ ኮፒ በተደረገ ሞጁል ላይ ኤአር ይሠራል ወይ? ጎንደር ያላችሁ መምህራንና ተማሪዎች ብቅ በሉ

የማራኪው መምህር ጽፏል፦

ሰላም ለዚህ ቤት።

ለሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት የቅርስ አስተዳደር ሞጁል እያዘጋጀሁ ነው። እንደተለመደው ብዙ ጽሑፍ፣ ጥቂት የደበዘዙ ፎቶዎችና አንድ የፋሲል ግቢ ፕላን አለው። ፕላኑን ተማሪው አየት አድርጎ ያልፈዋል። ግቢው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ሳለ፣ ከወረቀቱ ወደ ግንቡ የሚያሻግር ነገር የለም።

ስለዚህ ኦግመንትድ ሪያሊቲ፣ ባጭሩ ኤአር፣ ልጨምርበት አስቤአለሁ። ላልሰማችሁ፦ ተማሪው የስልኩን ካሜራ ገጹ ላይ ሲያነጣጥር፣ ስክሪኑ ላይ ግንቡ ከፕላኑ ተነሥቶ ይቆማል። ስልኩን ሲያዞር በጎን ያየዋል፤ ሲያስጠጋ መስኮቱን ይቆጥራል። ቪአር (ቨርቹዋል ሪያሊቲ) ዓይን ሸፍኖ ሌላ ዓለም ይወስዳል። ኤአር ግን ጠረጴዛውንም ሞጁሉንም እንዳሉ ትቶ በላያቸው ላይ ይጨምራል። ነገሩ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ኢቫን ሰዘርላንድ ራስ ላይ የሚጠለቅ ማሳያውን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ሰፊው ሕዝብ በስልኩ የለመደው ግን በ2016 ፖኪሞን ጎ የሚባለው የስልክ ጨዋታ ሲመጣ ነው።

አንዱ ባልደረባዬ «የኤአር መነጽሩን እንግዛ፣ ያለዚያ ይቅርብን» ይላል። ሌላው «ኪውአር ኮድ ለጥፈህ ቪዲዮ ላይ አገናኘውና ተገላገል» ይላል። እኔ መሃል ላይ ነኝ። የሞከራችሁ ካላችሁ፣ የት ይጠቅማል? የት ነው ጌጥ ብቻ የሚሆነው? ተማሪዎችም አትፈሩ፣ ስም አልጠይቅም።

ፒሲ ዋን ጻፈች፦

መምህር፣ ለእናንተ ጌጥ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ለሕክምና ተማሪዎች ግን የማለፍና የመውደቅ ጉዳይ ነው።

ስፌኖይድ የሚባል አጥንት አለ። የራስ ቅል መሃል ተወትፎ፣ አንጎልን ከያዙት ከሌሎቹ አጥንቶች ሁሉ ጋር ይገናኛል። መጽሐፉ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከላይ ሥሎታል። ሦስቱን ሥዕሎች ጭንቅላታችን ውስጥ አንድ አድርጎ ማዞር የእኛ ሥራ ነው። ፕቴሪጎፓላታይን ፎሳማ አይነሣብኝ! እሱ እንዲያውም አጥንት አይደለም፣ በአጥንቶች መሃል ያለ ባዶ ቦታ ነው። ባዶ ቦታ ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ እንዴት ይሣላል? ግድግዳው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ወዴት ወዴት እንደሚያስወጡ ካላየን፣ ያለን አማራጭ ስማቸውን መሸምደድ ነው። እንሸመድዳለን። ፈተናው ሲያልፍ ብን ይላል።

እውነተኛ አጥንት ላብ ውስጥ አለ፤ ግን በቡድን ተከበን ነው የምናየው፣ ማታ ዶርም ይዘነው አንገባም። ስልክ ግን ትራስ ሥር ያድራል።

ከዜሮ መጀመርም አያስፈልግም። ዜድ አናቶሚ የሚባል፣ ብሌንደር በተባለው የስሪዲ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ የሚከፈት ነፃ የአካል ሞዴል አለ። መሠረቱ ጃፓኖች የሠሩት ቦዲፓርትስ ስሪዲ ነው። ምንጩን እስከጠቀሱና የሠሩትን በዚያው ፈቃድ እስካጋሩ ድረስ መቁረጥም መለወጥም ይቻላል።

የማይጠቅምበትንም ልንገርዎት፦ ባዮኬሚስትሪ። የክሬብስ ዑደት አየር ላይ ሲሽከረከር አይቼ ምን ላድርገው? እሱን ወረቀት ላይ ደጋግሞ መጻፍ ነው የሚያወጣው።

ሳሙና በር ጽፏል፦

ኧረ በናታችሁ! መብራት የማይጠፋበት፣ ኔት የማይቆረጥበት አገር ወሬ ነው ይሄ። ዳታ ለወራት ጠፍቶ የከረምንባት ከተማ መሆኗን ረሳችሁት? እኔ ፒዲኤፍ ለማውረድ የሌሊት ጥቅል የምጠብቅ ልጅ አየር ላይ ግንብ ላስነሣ? ደግሞ ባትሪ ይበላል አሉ። ላይብረሪ ውስጥ አንዷን ሶኬት ስንት ሰው እንደሚሻማባት የማያውቅ ሰው ነው ይህን ያሰበው።

ብሌንደረኛው ጽፏል፦

ሳሙና በር፣ ቀልድህ ውስጥ እውነት አለ። የኔቱን ግን ላስተካክልልህ። ኤአር በባሕርዩ ኔት አይፈልግም። ካሜራው ያያል፣ ስልኩ ራሱ ያሰላል፣ ሞዴሉ ስልኩ ውስጥ ካለ አለቀ። ኔት የሚያስፈልገው ሞዴሉ ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ላይ ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ መምህር፣ በኤፒኬ (የአንድሮይድ መተግበሪያ ፋይል) አዘጋጅተው ለአንድ ተማሪ ይስጡት። በሼርኢት ክፍሉን በሙሉ ለማዳረስ ከአንድ ከሰዓት በላይ አይፈጅም። በባትሪው ግን አልከራከርህም፤ ካሜራና ግራፊክስ አብረው ሲሠሩ ስልኩ ይግላል። ለአንድ ምዕራፍ አንድ ሞዴል፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ታይቶ የሚዘጋ ማድረግ ነው።

በብራውዘር የሚሠራም አለ። ኤአር ዶት ጄኤስ እና ማይንድ ኤአር ነፃ ናቸው፣ ምንም ነገር ጫኑ አይሉም። ግን «የግቢው የውስጥ ሰርቨር ላይ እናስቀምጠው፣ በዋይፋይ ይከፍቱታል» የሚል ሰው ካለ ይህን ይወቅ፦ ብራውዘር ለድረ ገጽ ካሜራ የሚፈቅደው ገጹ በኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም በተመሰጠረ ግንኙነት፣ ሲመጣ ነው። ሰርተፍኬት የሌለው የውስጥ ሰርቨር ላይ ገጹ ይከፈታል፣ ካሜራው ግን እምቢ ይላል። ስንቱ ጎበዝ ልጅ ጥፋቱን ኮዱ ውስጥ ሲፈልግ አምሽቷል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ርዕስዎ ላይ «ፎቶ ኮፒ» ብለዋል። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው፣ ማንም ግን አይጠይቀውም። ስልኩ ገጹን የሚለይበት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሥዕሉን ራሱን ማወቅ ነው። ፕሮግራሙ ከሥዕሉ ላይ ማዕዘኖችንና ጥቁርና ነጭ የሚጋጩባቸውን ነጥቦች ይለቅማል፣ ከዚያ ካሜራው በሚያየው ውስጥ እነዚያኑ ያስሳል። ኦሪጅናል ሕትመት ላይ ግሩም ነው። የኮፒ ኮፒ ላይ ግን ግራጫው ሁሉ ወይ ጠቁሮ ወይ ነጥቶ ይጠፋል፣ ነጥቦቹም አብረውት ይሄዳሉ።

ሁለተኛው ማርከር ነው። ወፍራም ጥቁር ክፈፍ ያለው ካሬ፣ ውስጡ ቀላል ቅርጽ። ሂሮካዙ ካቶ እ.ኤ.አ. በ1999 ከሠራው ከኤአርቱልኪት ጊዜ ጀምሮ ያለ ነው። አያምርም። ግን ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሆነ ኮፒ ማሽን ብዙም አይጎዳውም። እኔ ለጎንደር ተማሪ የምመርጥለት ይህን አስቀያሚውን ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ያለ ምንም ምልክት ጠረጴዛ ላይ ሞዴል የሚያስቀምጠው ዓይነት አንድሮይድ ላይ በአብዛኛው ኤአርኮር የተባለውን የጉግል ሶፍትዌር ይፈልጋል። ኤአርኮር ደግሞ ጉግል ፈትሾ ባጸደቃቸው ስልኮች ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ከርካሾቹ ብዙዎቹ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ማርከር ግን ካሜራ ካለ ይበቃዋል።

መነጽሩን እርሱት። ማይክሮሶፍት ራሱ ሆሎሌንስ 2 የተባለውን መነጽሩን ማምረት እ.ኤ.አ. በ2024 አቁሟል።

የጥንቱ መምህር ጽፈዋል፦

ልጆች፣ ጨዋታችሁን በደስታ ነው የተከታተልኩት። ጠመኔ ይዤ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ሁለት ነገር ብቻ ልበል።

አንደኛ፣ የሰው ቤት ውስጥ አትገንቡ። ጉግል ፖሊ የሚባል የሞዴል ማከማቻ ነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ዘጋው። ለትምህርት ቤት ብሎ ያወጣውን ኤክስፔዲሽንስንም በዚያው ዓመት ዘጋ። ሜታም ስፓርክ የተባለውን የኤአር መሥሪያውን በ2025 መጀመሪያ ላይ ዘግቷል። በእነዚህ ላይ ትምህርት ያዘጋጀ መምህር አንድ ማለዳ ሲነሣ ባዶ እጁን ቀረ። የታተመ ሞጁል እኮ ሃያ ዓመት ሼልፍ ላይ ይቀመጣል። መሣሪያው ቢሞት ሥራችሁ እንዳይሞት ሞዴሉን እንደ ጂኤልቢ ባለ ክፍት ፎርማት በእጃችሁ ያዙ።

ሁለተኛው ይበልጥብኛል። ተማሪው ሞዴሉን ከማየቱ በፊት ይገምት። «ይህ ቀዳዳ ወዴት ያስወጣል?» ተብሎ ይጠየቅ፣ መልሱን በእርሳስ ይጻፍ፣ ከዚያ ስልኩን ያንሣ። ግምቱ ሲሳሳት ያን ቀን የተማረው አይረሳውም። ዝም ብሎ «ኦ! እንዴት ያምራል!» ያለ ልጅ ግን ከክፍል ሲወጣ ምን እንዳማረው አያውቅም። አዲስ ነገር ለጊዜው ማስደነቁ አይቀርም፣ ያንን ከመማር ጋር አታምታቱት። ማብራሪያ ጽሑፉንም ሞዴሉ ላይ፣ ከሚያመለክተው ነገር አጠገብ አድርጉት። ዓይን ስክሪኑና ወረቀቱ መሃል ሲመላለስ ይደክማል። ሙዚቃ የሚጨምርበት ሰው ካለ ደግሞ በእኔ ይሁንባችሁ፣ ከልክሉት።

ሳሙና በር ጽፏል፦

ጋሼ ሙዚቃዋን ይተውልን እንጂ።

የማራኪው መምህር ጽፏል፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መገመቱን ወስጄዋለሁ። አንድ ላይ ግን ልከራከርዎት። ፈተና ላይ ካልመጣ ተማሪ አይገምትም፣ አያይም፣ ስልኩንም አያነሣም። ፒሲ ዋን ምስክሬ ናት።

ብሌንደረኛው፣ ማርከሩ ገባኝ። አሁን የምጨነቀው በይዘቱ ነው። መጀመሪያ የታላቁን ኢያሱን ቤተ መንግሥት ከነጣሪያው ሠርቼ ላሳያቸው እፈልጋለሁ። ዛሬ ጣሪያ የለውም። ተማሪው ፍርስራሹ ፊት ቆሞ ስልኩን ሲያነሣ ጣሪያው ሲመለስ ማየት አለበት።

አስጎብኚው ጽፏል፦

ወንድምዓለም፣ እዚህ ላይ ቆም በል።

እኔ በዚያ ግቢ ውስጥ ነው እንጀራዬ። የአፄ ፋሲልን ግንብ ብትሠራ ችግር የለብህም፤ ቆሞ አለ፣ አራቱ ክብ ማማዎች ከነጉልላታቸው አሉ፣ ፎቶ አንስተህ ትለካዋለህ። የኢያሱ ግን ሌላ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው ይባላል። በ1941 ጣሊያንን ለማስወጣት ሲዋጉ እንግሊዞች የጣሉት ቦምብም ደረሰበት። ውስጡ በዝሆን ጥርስ፣ በመስታወትና በወርቅ ያጌጠ ነበር ሲባል ስንሰማ አድገናል። እኔም ለእንግዳ እነግራለሁ፣ አልዋሽም። ግን ሳወራ «ይባላል» እላለሁ። እንግዳውም ፊቴን አይቶ የትኛው ወሬ፣ የትኛው የተጻፈ እንደሆነ ይለያል።

ሞዴልህ «ይባላል» ማለት አይችልም። ጣሪያውን ስታስነሣው በቃ ተነሣ፤ ድንጋዩ እንደሚታየው ጣሪያውም ይታያል። ተማሪው ለሁለቱ ያለው እምነት እኩል ይሆናል። ነገ እሱ ራሱ አስጎብኚ ሲሆን «በዓይኔ አይቼዋለሁ» ይልሃል።

ምንጭ የለም ማለቴ አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1699 እና በ1700 ጎንደር ነበር፣ ኢያሱን ለማከም ነው የመጣው፣ ያየውንም ጽፏል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጎንደር ነው ያገኘው። በሁለቱ መሃል ሰባ ዓመት አለ፤ የመሬት መንቀጥቀጡም መሃላቸው ላይ ነው የሚወድቀው። የቱን ዓመት ነው የምትሠራው? ሞዴል ዓመት ሊኖረው ግድ ነው። «ድሮ» የሚባል ዓመት የለም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ዛሬ የቆመውን ድንጋይ ከፎቶ ላይ እሠራለሁ። ከጽሑፍ ምንጭ የመጣውን በቀጭን መስመር ብቻ አሳያለሁ። ግምቱን እንደ ጭስ ስስ አድርጌ፣ ተማሪው ሲነካው «ይህን ማን አለ?» የሚል ጥያቄ አወጣለሁ። መልሱን ሞጁሉ አይስጠው። ላይብረሪ ሄዶ ይፈልግ።

ፒሲ ዋን ጻፈች፦

አስጎብኚው፣ ይሄ እኛም ጋ ይሠራል። ሞዴሉ ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ያውም መጽሐፍ እንደሚለው የተስተካከለ ሰው። የደም ሥር አወጣጥ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። ሞዴል ብቻ አይቶ ያደገ ሐኪም ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገባ ይደነግጣል። ስለዚህ ከሬሳ ጋር የምናሳልፈውን ሰዓት እንዳይቀንሱብን ከአሁኑ ተናግሬአለሁ። ቲሹ በእጅ ሲነካ የሚሰጠውን ስሜት ስክሪን አይሰጥም።

የማራኪው መምህር ጽፏል፦

አስጎብኚው፣ ነገሩን ገልብጠኸዋል፣ ደስ ብሎኛል። ከሆነማ ሞዴሉን እኔ ለምን እሠራለሁ? ተማሪዎቹ ይሥሩት። አምስት አምስት ሆነው አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ አንድ ደረጃ ይያዙ። ፎቶ ያንሡ፣ ይገንቡ፣ እያንዳንዱን ድንጋይና ግምት በማስረጃ ይከላከሉ። ፈተናውም ያው ይሆናል። ብሌንደረኛው፣ ከፎቶ ወደ ሞዴል መሄድ በእኛ ዕቃ ይቻላል?

ብሌንደረኛው ጽፏል፦

ይቻላል። ሜሽሩም የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። አንድን ነገር ዙሪያውን እየተንቀሳቀሱ ብዙ ፎቶ ማንሣት ነው፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀደመው ጋር በሰፊው መደራረብ አለበት። ጠራራ ፀሐይ አይሁን፣ ጥላው ከድንጋዩ ጋር ተጋግሮ ይቀራል። ደመና ያለበት ቀን ነው ምርጡ፣ እሱ ደግሞ ጎንደር በክረምት ሞልቷል። መስታወትና ውኃ አይሠሩም፣ ስለዚህ የፋሲል መዋኛን በጥምቀት ሰሞን ሞልቶ እያለ አትሞክሩት። ኮምፒውተሩ ጥሩ የኢንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ካለው በጣም ያግዛል። እሱ ቢያንስ በአንድ ላብ ውስጥ መፈለግ አለበት።

የሚወጣው ሞዴል ከባድ ነው። ለስልክ እንዲሆን ብሌንደር ላይ ማቅለል ግድ ነው፣ ያለዚያ የሳሙና በር ስልክ ይሞታል።

የአማርኛ ጽሑፍ ጉዳይም አለ። በብራውዘር የምትሠሩ ከሆነ ኤአር ዶት ጄኤስም ማይንድ ኤአርም ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ኤ-ፍሬም ከሚባል የድረ ገጽ ስሪዲ መሣሪያ ጋር ነው። የእሱ የተለመደው የጽሑፍ መሣሪያ የግዕዝ ፊደል የለውም፤ «እልፍኝ» ብላችሁ ስትጽፉ ቦታው ባዶ ይቀራል። ወይ ለፊደላችን ልዩ የፎንት ፋይል ማዘጋጀት፣ ወይ እንደ እኔ ሰነፍ ከሆናችሁ ጽሑፉን ጀርባው ግልጽ በሆነ ምስል ሠርቶ መለጠፍ ነው።

ነጭ በትር ጽፏል፦

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ስታወሩ የነበረውን ሁሉ ስልኬ አንብቦልኛል፣ አንዱም ግን ስለ እኔ አላወራም። ስልክ ወረቀት ላይ ሳነጣጥር ለእኔ ምንም አይነሣም። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በአካል ጉዳተኞች አካታችነት ላይ ሲሠራ ቆይቷል። ስለዚህ እንግዳ ጥያቄ አይደለም የማነሣው።

ለቅሶ አይደለም፤ የምጠይቀው ነገር አለኝ። ያው ፋይል ወደ ኤስቲኤል ተቀይሮ በስሪዲ ፕሪንተር ቢታተም በእጄ አየዋለሁ። ስፌኖይዱንም፣ የፋሲልን ማማም። ለሚያዩት ማየት፣ ለእኔ መንካት፣ ሥራው አንድ ነው። የታሪክ ተማሪ ነኝ፣ የዚያን ግንብ ቅርጽ እስካሁን በወሬ ነው የማውቀው።

ፒሲ ዋን ጻፈች፦

ወንድሜ፣ ስፌኖይዱ ሲታተም እኛም ተሰልፈን ነው የምንነካው። የመጀመሪያው ያንተ ነው።

ብሌንደረኛው ጽፏል፦

ከጂኤልቢ ወደ ኤስቲኤል መቀየር ብሌንደር ላይ የደቂቃ ሥራ ነው። ግን ለሕትመት ሞዴሉ ቀዳዳ የሌለው፣ የተዘጋ መሆን አለበት። ስሱ ግምት እንደማይታተም ደግሞ አስቡበት። ለእጅ «ይባላል» እንዴት ይነገራል? ሸካራ እናድርገው መሰለኝ፤ ማስረጃ ያለው ለስላሳ፣ ግምቱ ሸካራ።

ነጭ በትር ጽፏል፦

ድንጋዩ ነው ሸካራ መሆን ያለበት። ግምቱን ለስላሳ አድርጉት። ሰው ያልሠራው ነገር ምኑ ይሻክራል?

ኮፒ ቤት ጽፏል፦

ሰላም። ከግቢው በር ፊት ለፊት ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። የእናንተ ሞጁል ሁሉ በእጄ ያልፋል፣ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ።

የማታውቁት ነገር ልንገራችሁ። ተማሪ ሞጁል እንዳለ ኮፒ አያደርግም። «ሁለት በአንድ፣ ፊትና ጀርባ» ነው የሚለኝ፣ ብር ለመቆጠብ። ሁለት ገጽ አንድ ወረቀት ላይ ሲገባ ሁሉም ያንሳል። ጥቁሩ ካሬያችሁም ያንሳል። ወረቀቱ ስስ ከሆነ ደግሞ የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት ይታያል። ቶነር ሊያልቅ ሲል የወፍራም ጥቁር ነገር መሃሉ ይነጣል፣ ዳሩ ብቻ ይቀራል። ትልቅ ጥቁር ያለበት ገጽ ሲመጣብኝ እኔ ራሴ ቶነር ለመቆጠብ ማድመቂያውን ዝቅ አደርገዋለሁ። እውነቱ ይሄ ነው።

ብሌንደረኛው ጽፏል፦

ከመሐንዲስ ሁሉ የበለጠ መልስ ነው የሰጠኸን።

ሁለት በአንድ ሲሆን ልኩ ወደ 71 ከመቶ ይወርዳል። 6 ሴንቲ ሜትር የነበረው ማርከር ከ4 ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ሲነደፍ ጀምሮ ሰፋ ይበል። ከጀርባው ያለው ገጽ በዚያ ቦታ ባዶ ይሁን። ክፈፉ መሃሉ ቢነጣ ፕሮግራሙ ያየዋል ወይ የሚለውን ግን ሳልሞክር አልናገርም።

የማራኪው መምህር ጽፏል፦

አንዷን ገጽ ዛሬ ማታ አዘጋጃለሁ፦ የአንድ በር ፕላንና ማርከር። ስልክ የሌለው ተማሪ እንዳይጎዳ ሥራው በቡድን ነው፤ ከአምስቱ አንዱ ስልክ ካለው ይበቃል። ለነጭ በትር የሚታተመውን ከዚያው ፋይል እናወጣለን፣ ማተሚያውን የማፈላለጉ ነገር የእኔ ነው። አስጎብኚው፣ የቱ በር ይሻላል? ኮፒ ቤት፣ ገጿን በቴሌግራም ልላክልህ፣ አዲስ ቶነር ስታስገባ አንድ ጥሩ ኮፒ አውጣልኝ።

አስጎብኚው ጽፏል፦

የሰው እግር የማይበዛበትን በር እመርጥልሃለሁ። ጠዋት ከእንግዳ በፊት ና። ትሪፖድ የምትይዝ ከሆነ ግን ቀድመህ ጽሕፈት ቤቱን አስፈቅድ።

ኮፒ ቤት ጽፏል፦

ይላኩልኝ። ግን መምህር፣ በአዲስ ቶነር ምን ያደርግልዎታል? አሁን ያለው ሊያልቅ ነው፣ በሱው ላውጣልዎትና እሱን ይሞክሩት። ተማሪው የሚይዘው እሱን ነው።